ፋይሉን ማን ይክፈተው?

አሶሳ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ከአዲስ አበባ የተላከለትን የበጀት ቅጽ ድረ ገጹ ላይ ሲነካው፣ በቀጥታ ኤክሴል ላይ ተከፍቶ እንዲቀርብለት ይፈልጋል። የሚያገኘው ግን ሌላ ነው። ሰርቨሩ ከፋይሉ ጋር የፋይሉን ዓይነት ይናገራል፤ ብሮውዘሩ እንደ ፒዲኤፍ ወይም ፎቶ ራሱ ማሳየት የሚችለው ከሆነ እዚያው ይከፍተዋል፣ ካልሆነ ያወርደዋል። ኤክሴልን የሚያስነሳው የወረደውን ፋይል ፈልጎ የሚነካው ሰው ነው። አሰልቺ ነው፤ ያም ሆኖ የመጨረሻው ውሳኔ ከሰውየው እጅ መውጣት የለበትም እላለሁ።

ወጥቶ ያውቃልና። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ያመጣው አክቲቭኤክስ ድረ ገጾች በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን እንዲያዝዙ ፈቅዶ ነበር፤ ለቢሮ ሥራ የተመቸውን ያህል ለቫይረስም ተመቸ። የእኛው ማስረጃ ደግሞ ቅርብ ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች በኢሜይል ሊንክ ይላክላቸው ነበር። ሊንኩ የሚወስደው ገጽ ፍላሽን ካላደሳችሁ፣ ወይም ይህን የፒዲኤፍ ፕሮግራም ካልጫናችሁ አይከፈትም ይል ነበር። የሚጫነው ግን ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሠራው የስለላ ሶፍትዌር ነበር። ዊንዶውስ የታወቁ የፋይል ስም ቅጥያዎችን ስለሚደብቅ፣ «ደብዳቤ.ፒዲኤፍ.ኢኤክስኢ» የተባለ ፕሮግራምም «ደብዳቤ.ፒዲኤፍ» ሆኖ ነው የሚታየው።

እንግዲያው ሁሉም ብሮውዘር ውስጥ ይከፈት የሚሉ አሉ። ለማንበብ ያህል ይበቃል። ነገር ግን የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የፊደላት ኮድ ውስጥ ከገባም በኋላ ብዙ መሥሪያ ቤት በአሮጌዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች መጻፉን ቀጥሎ ነበር፤ እነዚያ ሰነዶች ፎንቱ በሌለበት ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ሆነው ይወጣሉ። ፋይሉን በማውረድ ላይ የሚነሣው ከዚህ የሚከብድ ተቃውሞ የቅጂ መብዛት ነው። የወረደው ቅጽ ተሞልቶ በኢሜይል ይመለሳል፣ ይታረማል፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2» እየተባለ ይባዛል፤ የትኛው እንደጸደቀ የሚያውቅ ይጠፋል። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፣ መፍትሔም አለው፦ ወርድና ኤክሴል የራሳቸው የአድራሻ ዓይነት ስላላቸው፣ ሰርቨሩ የሚፈቅድ ከሆነ ሊንኩ ፋይሉን እዚያው ሰርቨሩ ላይ እንዳለ በፕሮግራሙ ይከፍተዋል፤ እርማቱም እዚያው ይቀመጣል። ብሮውዘሩ ግን አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል።

ሰው ሳያነብ «እሺ» ይላል ቢባል ልክ ነው። ክሮም ላይ ግን የመሥሪያ ቤቱ የአይቲ ክፍል የራሱን ድረ ገጽ ብቻ አስቀድሞ መፍቀድ ይችላል፤ ያኔ ሠራተኛው የሚጠየቀው ከሌላ ቦታ ለመጣ ሊንክ ብቻ ይሆናል።