ኩሽኔታ የሚገዛው በፍሬ ነው ወይስ በዙር?

ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቤጌምድር ትላልቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ይህች የሊቦ ከምከም ከተማ ዛሬም ገበያዋ የሚደምቀው በአካባቢው ምርት ሲሆን፣ ከእነዚህም ምርቶች አንዱ ሩዝ ነው። ሩዝ ደግሞ ተወቅቶ ብቻ ለድስት አይደርስም፤ መፈልፈል አለበት። ስለዚህ የገበሬውም የነጋዴውም ገቢ መፈልፈያው በመዞሩ ላይ የተመሠረተ ነው። መፈልፈያው የሚዞረው ግን መዳፍ ላይ በምታርፍ አንዲት ዕቃ ነው፤ በኩሽኔታ።

ይህች ዕቃ በምርት ወቅት ብትሰበር ኪሳራው የዋጋዋ ያህል ብቻ አይደለም። ወረፋ የያዘው ገበሬ ጆንያውን መልሶ በአህያው ጭኖ ወደ ሌላ ወፍጮ ይሄዳል። ባለወፍጮው መለዋወጫ ፍለጋ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ይጓዛል። የሠራተኛው ደመወዝ ግን መቆጠሩን አያቆምም። ይህም ሆኖ ብዙ ገዢ ሱቅ ሲደርስ በመጀመሪያ የሚጠይቀው “ርካሹ ስንት ነው?” ብሎ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የተካሄደው ምርምር ለዚህ ጥያቄ ሌላ መለኪያ አስገኝቷል፤ ይኸውም ዙር ነው።

ከጎተንበርግ እስከ ፎገራ ሜዳ

ኩሽኔታ በውስጥና በውጭ ቀለበት መካከል የሚንከባለሉ የብረት ብዮችን የያዘ ዕቃ ነው። እያንዳንዷ ብይ ቀለበቱን የምትነካው እጅግ በጠበበች ቦታ ላይ በመሆኑ ሸክሙ ሁሉ የሚያርፈው እዚያች ላይ ነው። ክብ ነገሮች ሲጫኑ በመነካኪያቸው ላይ ምን ያህል እንደሚጨፈለቁ በሒሳብ ያሳየው ጀርመናዊው ሄይንሪክ ኸርዝ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1881 ነበር።

ከዚያ በኋላ አንዱን ትልቅ እርምጃ ያስከተለው የፋብሪካ ችግር ነው። ስቬን ዊንግኲስት በስዊድን ጎተንበርግ ከተማ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና መሐንዲስ ነበር። ፋብሪካው የቆመበት ሸክላማ መሬት እየተንቀሳቀሰ ሻፍቶቹን ከመስመር ስለሚያስወጣቸው ኩሽኔታዎቹ ቶሎ ቶሎ ይበላሹበት ነበር። በመሆኑም ሻፍቱ ትንሽ ቢያጋድል ራሱን የሚያስተካክል ባለሁለት ረድፍ ኩሽኔታ ፈለሰፈ። ኤስ.ኬ.ኤፍ የተባለው ኩባንያም በዚህ ፈጠራ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1907 ተቋቋመ።

ይህ ችግር ለጣና ዳር ሰው እንግዳ አይደለም። የፎገራና የአካባቢው ሜዳ ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ወፍጮው ጠንካራ መሠረት ካልተደረገለት ሞተሩና መፈልፈያው ከመስመር ይወጣሉ። በገበያው ዩ.ሲ.ፒ የሚባለው፣ በብረት መቀመጫው በቡሎን የሚታሰረው ኩሽኔታ የውጭ ቀለበቱ ጀርባ እንደ ኳስ የከበበው፣ ሲገጠም ትንሽ ማጋደልን እንዲችል ነው። ጉድለቱ ከዚያ ካለፈ ግን በየጊዜው ኩሽኔታ መለወጥ መፍትሔ አይሆንም፤ መሠረቱ መስተካከል አለበት።

ሸክሙ እጥፍ ሲሆን

የኩሽኔታን ዕድሜ በቁጥር የማስላቱን ዘዴ መልክ ያስያዘው ስዊድናውያኑ ጉስታፍ ሉንድበርግና አርቪድ ፓልምግሬን እ.ኤ.አ. በ1947 ያሳተሙት ጥናት ነው። አንድ ዓይነት ኩሽኔታዎች በአንድ ዓይነት ሸክም ቢፈተኑም በአንድ ጊዜ አይሰበሩም። ስለዚህ ዕድሜ ተብሎ የተወሰደው ከ100ው 90ዎቹ ሳይሰበሩ የሚያልፉት የዙር ብዛት ነው።

ደንቡ ቀላል ነው። የኩሽኔታው የመሸከም አቅም ለሚያርፍበት ሸክም ይካፈላል፤ የተገኘው ቁጥር ሦስት ቦታ ተጽፎ እርስ በርሱ ይባዛል፤ መልሱ ሚሊዮን ዙር ነው። በደቂቃ 1,000 ጊዜ የሚዞር ወፍጮ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 480,000 ዙር ይሆናል። ሸክሙ የአቅሙ አንድ አሥረኛ ከሆነ 10 በ10 በ10፣ ማለትም 1,000 ሚሊዮን ዙር፣ ወይም 2,083 ያህል የሥራ ቀናት ይጠበቃል። ቺንጋው ከልክ በላይ ተወጥሮ ሸክሙ እጥፍ ቢሆን ግን 5 በ5 በ5፣ ማለትም 125 ሚሊዮን ዙር፣ 260 ቀን ብቻ ይሆናል። ሸክሙ በሁለት ሲባዛ ዕድሜው በስምንት ተከፈለ ማለት ነው።

ይኸው ስሌት ለገዢውም ይሠራል። አቅሙ ግማሽ የሆነ ኩሽኔታ በግማሽ ዋጋ ቢገኝ፣ ዕድሜው አንድ ስምንተኛ ስለሚሆን በዙር ሲሰላ ዋጋው አራት እጥፍ ነው።

ቅባትና አቧራ

ስሌቱ የሚሠራው ግን ኩሽኔታው ንጹሕና በአግባቡ የተቀባ ሲሆን ነው። ብይዋና ቀለበቱ የሚለያዩበት የቅባት ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሺኛ ሚሊ ሜትር የሳሳ ነው። የሩዝ ገለፈት ደግሞ አሸዋ የተሠራበት ሲሊካ በብዛት አለበት። ይህ አቧራ ከግራሶው ጋር ሲደባለቅ ግራሶው ማለስለሱ ቀርቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ስለዚህ ለሩዝ መፈልፈያ ጎኑ በጎማ የተደፈነው ዓይነት ይመረጣል።

ከመግዛትዎ በፊት

ቁጥሩን ያንብቡ። 6205 በሚለው የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በ5 ሲባዙ የውስጥ ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይናገራሉ። 6305ም ቀዳዳው ያው ነው፤ ነገር ግን ወፈር ያለና የበለጠ የሚሸከም ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ቁጥሩ የሚናገረው ልኩን እንጂ ጥራቱን አይደለም። ሐሰተኛ ዕቃም ትክክለኛ ቁጥር ሊታተምበት ስለሚችል ከሚታወቅ ነጋዴ በደረሰኝ መግዛት ይበጃል።

ሻፍት ላይ ሲገጠም መዶሻው በውጭ ቀለበቱ ላይ አይረፍ። ምቱ በብዮቹ በኩል አልፎ የብዮቹን መሄጃ ስለሚያጎደጉደው አዲሱ ኩሽኔታ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይጮኻል። በውስጥ ቀለበቱ ልክ የተቆረጠ ቱቦ ይህን ያስቀራል።

በመጨረሻም የተገጠመበትን ቀንና የተገዛበትን ብር በደብተር ይጻፉ። ሲሰበር ብሩን ለሠራበት ቀን ያካፍሉ። ርካሹ የትኛው እንደነበረ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።