መኪናዎን ሲወለውሉ ቀለሟን እንዳይጨርሷት!

እሑድ ጠዋት በየግቢው የሚታየው ነገር ተመሳሳይ ነው። አባወራው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ባሊውን ሞልቶ፣ ሬዲዮውን ከፍቶ ከመኪናው ጋር ይውላል። መታጠቡስ ደግ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከእጥበቱ በኋላ ነው። ከሱቅ የመጣ አንድ ጣሳ ይከፈታል። ጣሳው ውስጥ ያለው ፖሊሽ ይሁን ሰም ወይም ኮምፓውንድ ብሎ የሚጠይቅ የለም። "ያበራል ወይ?" "በደንብ ነዋ!" በቃ፣ ተቀባ፣ ተወለወለ፣ አለቀ።

አንባቢያን ሆይ፣ ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍን ነበር። እኛ አገር መኪና አምስት ዓመት ተነድታ የምትጣል ዕቃ አይደለችም። ለብዙው ቤተሰብ ከመኖሪያ ቤት ቀጥላ የምትቆጠር ሀብት ናት፤ ቢቸግር ትሸጣለች፣ ለልጅ ትተላለፋለች። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችውን ተንከባክቦ መያዝ የግድ ሆኗል። ገዢ መጥቶ ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ዙሪያዋን እየዞረ የሚጠይቀውም አንድ ነገር ነው፦ "ቀለሟ ኦሪጅናል ነው?"

እንግዲህ ይህን ኦሪጅናል ቀለም በገዛ እጃችን እንዳንጨርሰው ምን እንግዛ? እንዴትስ እንቀባ?

ፖሊሽ ሌላ፣ ሰም ሌላ

ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ይጠራቸዋል። ሥራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ፖሊሽ ይፍቃል። ውስጡ ለዓይን የማይታይ ደቃቅ አሸዋ መሰል ነገር አለው። የቀለሙን የላይኛውን ፊት በጥቂቱ እየላገ ጭረቱን ያለሰልሳል፣ የደበዘዘውን ያነሳል። ኮምፓውንድ የሚባለው የእሱ ታላቅ ወንድም ነው፤ ፍቅፋቱ ሻካራ ስለሆነ በርትቶ ይልጋል። ለመረዳት ያህል፣ ተረከዝ የሚፈገፈግበትን ድንጋይ ያስቡ። አልፎ አልፎ ሲሆን እግር ያሳምራል፤ በየቀኑ ከሆነ ግን ደም ያመጣል።

ሰም ግን አይፍቅም፤ ያለብሳል። ታጥቦ በጸዳ ገላ ላይ እንደሚቀባ ቫዝሊን ነው። ውኃው እንዳይቀመጥ፣ አቧራው እንዳይጣበቅ፣ የወፍ ኩስና የዛፍ ሙጫ ቶሎ ወደ ቀለሙ እንዳይደርስ በመካከል ይቆማል። ጭረት ግን አያጠፋም፤ ቢበዛ ለጥቂት ሳምንት ይሸፍነዋል።

በቅኔ ሰሙ ሲገለጥ ወርቁ ይገኛል። በመኪና ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሰሙ ሲገለጥ ወርቁ መጥፋት ይጀምራል።

እያሳሳቀ የወሰደው

አንድ ጡረተኛ አባት ያጫወቱን ታሪክ ይህን ያሳያል። እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን ቆጥበው የገዟት ጥቁር ሰማያዊ ቶዮታ ነበረቻቸው። ልጃቸው አባቱን ለማስደሰት ብሎ በየአሥራ አምስት ቀኑ በኮምፓውንድ ይወለውላታል። ባበራች ቁጥር ጎረቤት ያደንቃል፣ እሱም ይበረታል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ! ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጣሪያዋና ኮፈኗ ላይ ነጭ ለምጽ መሰል ነገር ወጣ። ልጁ ቆሻሻ መስሎት ጨርሶ ባሰበት።

በዚህ መሐል የቤቱ እመቤት ታመው ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል ተባለ። መኪናዋ ለሽያጭ ወጣች። የመጣው ገዢ ሁሉ ጣሪያዋን እያየ "ይቺማ ተገልብጣ የተቀባች ናት" እያለ ዋጋ ይሰብራል። ኧረ ተጋጭታ አታውቅም ቢሉ ማን ሊያምን! በመጨረሻ ካሰቡት በብዙ ዝቅ ባለ ዋጋ ሸጧት። አንድ አንጋፋ ቀለም ቀቢ አይቶ የነገራቸው አጭር ነበር፦ "አባባ፣ ያለቀው ቀለሙ አይደለም፤ ላዩ ላይ ያለው መስተዋቱ ነው።"

"ልጄን ምን እለዋለሁ? ሊያስደስተኝ ነው እኮ ያደረገው" አሉን እኚህ አባት። ልጁ ግን እስከ ዛሬ ስለ መኪና ሲነሳ ከክፍሉ ይወጣል።

"መስተዋቱ" ምንድን ነው?

በአሁኑ ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጡ አብዛኞቹ መኪኖች ቀለማቸው ድርብ ነው። ከታች ቀለሙ አለ፤ ከላይ ደግሞ ክሊር ኮት የሚባል ቀለም የሌለው፣ እንደ መስተዋት የጠራ ሽፋን ይለብሳል። የዚህ ሽፋን ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው። ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ስለዚህ መኪናዎን ከፀሐይ የሚጠብቃት ሽፋን ከአንድ የራስ ጠጉር ቢቀጥን እንጂ አይወፍርም። አንዴ ተልጎ ካለቀ በፖሊሽም በሰምም አይመለስም፤ መድኃኒቱ ጋራዥ ገብቶ መቀባት ብቻ ነው።

በአገራችን ደግሞ ፀሐዩ ይበረታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራ ቫዮሌት የሚባለው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል እንጂ ቀለሙን ከላይ እየበላው ነው።

የቆዩት ዲኤክሶች፣ ቮልሶችና ላዳዎች፣ አንዳንድ ነጭ መኪኖችም ጭምር፣ ቀለማቸው ነጠላ ሊሆን ይችላል። እንዴት ይለያል? ከበሩ ታችኛው ጫፍ ላይ ጥቂት ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ ቀስ ብለው ይሹ። ጨርቁ የመኪናዋን ቀለም ከያዘ ነጠላ ነው። ካልያዘ ክሊር ኮት ለብሳለች ማለት ነው። ነጭ መኪና ከሆነች በጥቁር ጨርቅ ይሞክሩ።

ሱቅ ሲገቡ

ሶማሌ ተራም ይሁን ነዳጅ ማደያው ያለ ሱቅ ሲገቡ ሻጩን "ጥሩ ፖሊሽ ስጠኝ" አይበሉት። ጣሳውን ተቀብለው ጽሑፉን ያንብቡ።

ኮምፓውንድ የሚል ካዩ ይመልሱት። ለቀለም ቀቢ ባለሙያ እንጂ ለእሑድ ጠዋት የተሠራ አይደለም።

ፖሊሽ የሚል ከሆነ ደቃቅ መሆኑንና ለክሊር ኮት እንደሚስማማ የሚገልጽ ቃል ይፈልጉ። ቢፈቀድልዎ በሁለት ጣት መካከል አሽተው ይዩት፤ ሻከር ሻከር ካለ ይቅርብዎት።

ክሊነር ዋክስ የሚባለው ሁለቱን የቀላቀለ ነው፤ ሰም ቢባልም ትንሽ ይፍቃል። ለደበዘዘ አሮጌ ነጠላ ቀለም ጥሩ ነው። ለአዲስ መኪና ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።

የካርናውባ ሰም ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ነው። ሞቅ ያለ፣ ጥልቅ ብርሃን ስለሚሰጥ ጥቁርና ቀይ መኪና ላይ ያምራል። ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ቢቆይ ነው። "መቶ በመቶ ካርናውባ" የሚል ማስታወቂያ እንዳያታልልዎ። ንጹሑ ካርናውባ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ስለሆነ ዘይትና ማሟሚያ ሳይገባበት ማንም ሊቀባው አይችልም።

ሲላንት የሚባለው በፋብሪካ የተቀመመ ሰው ሠራሽ ሽፋን ነው። ብርሃኑ ቀዝቀዝ ያለ ቢሆንም ለበርካታ ወራት ይቆያል። መኪናው ውጭ ለሚያድርና ጊዜ ለሌለው ሰው ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው።

ሴራሚክ ደግሞ የዘመኑ ወሬ ነው። ትክክለኛው ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ነገር ግን ከመቀባቱ በፊት ያልጠፋ ጭረት ካለ እላዩ ላይ ይዘጋበታል። ስለዚህ ለባለሙያ ይተዉት። በመርጫ ጠርሙስ የሚሸጠው ቀለል ያለው ግን እቤት ቢቀባ ችግር የለውም፤ ዕድሜው ወራት ነው።

እቤት ሲሠሩ

መኪናዋ ጥላ ውስጥ ትቁም፤ ቆርቆሮው በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ይሁን። በሞቀ ብረት ላይ የተቀባ ይደርቅና ሲጠርጉት ጭረት ያመጣል።

አቧራውን በደረቅ ጨርቅ አያራግፉ። የብዙዎቻችን መኪና ፀሐይ ሲመታት የሸረሪት ድር የሚመስል ጭረት የሚታይባት በዚህ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ውኃ ያፍስሱባት። ሁለት ባሊ ይያዙ፤ አንዱ የሳሙናው፣ ሁለተኛው ስፖንጁ የሚታለብበት።

ከደረቀች በኋላ እጅዎን ስስ ፌስታል ውስጥ ከትተው ኮፈኑ ላይ ቀስ ብለው ያንሸራቱ። እንደ አሸዋ ከቆረቆረዎት ቀለሙ ላይ የተጣበቀ ነገር አለ። ክሌይ የሚባል ጭቃ መሰል ማጽጃ ከሚያንሸራትት ፈሳሹ ጋር ይሸጣል፤ በእሱ ያንሱት።

ፖሊሽ የሚያስፈልገው ብርሃኑ በእርግጥ ከደበዘዘ ብቻ ነው። በማይታይ ቦታ ሞክረው ይጀምሩ። አንድ ጊዜ የሁለት መዳፍ ያህል ስፋት ብቻ እየያዙ፣ በቀላል እጅ ይሥሩ። የበርና የኮፈን ጠርዝ ላይ ቀለሙ ስስ ስለሆነ አይጫኑት። ጥፍርዎ የሚይዘው ጭረት ካለ ደግሞ ተዉት፤ ጥልቅ ስለሆነ በፖሊሽ አይጠፋም። እሱን ሲያባርሩ ዙሪያውን ይጨርሳሉ።

ከዚያ ሰሙ ይከተላል። ስስ ይሁን! ብዙ የተቀባ ብዙ አይጠብቅም፤ ለመጥረግ ክንድ ያደክማል እንጂ። ጥቁር የፕላስቲክ ክፍሎችን ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ፤ ሰም ከነካቸው ነጭ ሆነው ይቀራሉ። ጭጋግ መስሎ ሲደርቅ በጣት ይንኩት፤ ጣትዎ ጥርት ያለ መስመር ካወጣ ለመጥረግ ደርሷል። በማይክሮ ፋይበር ጨርቅ ይጥረጉት። እሱ ከሌለ ታጥቦ የለሰለሰ የጥጥ ካናቴራ ይበቃል። መሬት የወደቀን ጨርቅ ግን ሳይታጠብ አይመልሱት፤ አንዲት ጠጠር የቀኑን ሥራ ታበላሻለች።

አብዛኞቹ እሳት የሚይዙ ፈሳሾች ስላሉባቸው ከሲጋራና ከምድጃ፣ ከልጆችም ይራቁ።

እነዚህንስ እባክዎን!

አንዳንድ አጣቢ "ላብራልህ" ብሎ ናፍጣ ወይም ላምባ የነካ ጨርቅ ያሳልፍባታል። ለአንድ ሰዓት ያበራል። ከዚያ ያለውን ሰም አሟሙቶ፣ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል።

የልብስ ዱቄት ሳሙናና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሰሙን ጠርገው ይወስዳሉ። ላቫጆ ሲሄዱ የመኪና ሻምፑ ይጠይቁ፤ ከሌላቸው የራስዎን ይዘው ይሂዱ።

መኪናዋ በቅርቡ ጋራዥ ተቀብታ ከሆነ አይቸኩሉ፤ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ። አዲስ ቀለም ውስጡ ያለው ማሟሚያ እስኪተን መተንፈስ አለበት። እንደ ቀለሙ ዓይነት ከአንድ እስከ ሦስት ወር ሰም ሳይነካት ትቆይ፤ ቀቢውን ይጠይቁት። ወደፊት ሊያስቀቧት ካሰቡ ደግሞ ሲሊኮን ያለበት ነገር እንደቀቡ ይንገሩት። ሳይጸዳ ከተቀባበት አዲሱ ቀለም የዓሣ ዓይን የመሰለ ጉድጓድ እያወጣ ያስቸግረዋል።

ጎማ የሚያበራ ፈሳሽ ጎኑን እንጂ መሬት የሚነካውን አይንካ፤ ፍሬን ሲይዙ ያንሸራትታል። መሪና ፔዳልም እንዲሁ።

ስንት ጊዜ?

እኛ ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ የምንመክረው ይህን ነው። ሰኔ ላይ ክረምቱ ሳይገባ አንድ ጊዜ ሰም። ጥቅምት ላይ ጭቃው ሲደርቅ አንድ ጊዜ። ጥርና የካቲት ላይ ፀሐዩና አቧራው ሲበረታ ሌላ አንድ ጊዜ። ካርናውባ ከመረጡ በመካከሉ ይድገሙት። ፖሊሽ ግን በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ካላስፈለገ አይንኩት።

ጊዜው መድረሱን ውኃው ራሱ ይነግርዎታል። ዝናቡ ኮፈኑ ላይ እንደ ዶቃ እየተድቦለቦለ ከተንከባለለ ሰሙ አለ። ተዘርግቶ ከተኛ ግን ሄዷል።

የወፍ ኩስ ካዩ ደግሞ እስከ እሑድ አይጠብቁ፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው። ደርቆ ካገኙት አይፋቁት። እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ አልብሰውት ሲለሰልስ ያንሱት።

ከሁሉም በላይ ግን ጣሳውን ከመክፈትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ለራስዎ ያቅርቡ፦ "ይኼ ነገር ይፍቃል ወይስ ያለብሳል?" መልሱን ካላወቁ ጣሳው ተከድኖ ይቆይ። መኪናዋ ታጥባ ብቻ ብትውል ምንም አትሆንም።