«አምስት ሚሊሜትር እኮ ናት!»

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ጋራዥ ያለው አንድ መካኒክ ከአእምሮው አልወጣ ያለው መኪና አለ፤ የ2003 ቢኤምደብሊው 330። ባለቤቱ ወጣት ልጅ ሲሆን የመጣው የፍሬን ሸራ ለማስቀየር ነበር። የኋላ ጎማው ሲወልቅ ከቸርኬው ጀርባ፣ ሞዞው ላይ፣ ጎማውን ወደ ውጭ የሚያርቅ 5 ሚሊሜትር ስፔሰር ተገኘ። ቡሎኖቹ ግን መኪናው ከፋብሪካ ይዟቸው የወጣቸው ናቸው። መካኒኩ ሥራውን ጨርሶ ጎማውን ሲመልስ አንዱን ቡሎን በጣቱ እየጠመዘዘ ቆጠረ፤ አምስት ዙር ሳይሞላ ጠበቀ።

«ጋሼ፣ አምስት ሚሊሜትር እኮ ናት!» አለ ልጁ። ስፔሰሩን ላውጣልህ ቢለው እምቢ አለ። ረጅም ቡሎን ደመወዝ ስቀበል እገዛለሁ ብሎ ሄደ፤ አልተመለሰም።

ጎማ የሚፈታ የሚያስር ሰው ሁሉ ይህችን አባባል ሰምቶ ሰልችቶታል። ቀጭን ስፔሰር ምንም አይልም፣ የሚያስፈራው ወፍራሙ ነው ይባላል። ነገሩ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። የዚያ መኪና ቡሎን ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር ነው፤ አንድ ዙር ሲዞር 1.5 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። በተለመደው የሙያ ልክ ቡሎን ቢያንስ የውፍረቱን ያህል ጥርስ መያዝ አለበት፤ ይህም 8 ሙሉ ዙር ማለት ነው። አምስት ሚሊሜትሯ ከሦስት ዙር በላይ ትበላለች። በዚያ ላይ ቸርኬውን መሃል ላይ የሚያስቀምጠውን የሞዞውን ከንፈር ታሳጥረዋለች።

ወፍራሙ ስፔሰር፣ ማለትም አዳፕተር፣ ግን በራሱ ቡሎኖች ሞዞው ላይ ይታሰራል፤ ቸርኬው ደግሞ አዳፕተሩ ላይ። በደንብ ከተሠራ የራሱ ከንፈር አለው፤ በዚህ ቢኤምደብሊው ልኩ 72.6 ሚሊሜትር ነው። ጥርስ አይቀንስም።

የስህተቱ ሥር ሌላ ነው፦ ብዙ ሰው የመኪናውን ክብደት ቡሎኖቹ የተሸከሙት ይመስለዋል። የቡሎን ሥራ ቸርኬውን ከሞዞው ጋር አጥብቆ መጫን ነው፤ ክብደቱን የሚይዘው በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ፍትጊያ ነው። ጫናው ሲላላ ቸርኬው በጥቂቱ መንሸራተት ይጀምራል፤ ቡሎኑም በእያንዳንዱ የጎማ ዙር ይጎብጣል፣ ይቃናል። መኪናው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ጎማው በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል ይዞራል። ብረት ይህን ለረጅም ጊዜ አይችልም። በስፔሰሩና በሞዞው መካከል ዝገት ወይም ቀለም ሲቀርም ጫናው የሚላላው በዚሁ መንገድ ነው፤ ስለዚህ ሞዞው ብረቱ እስኪታይ በብሩሽ መጠረግ አለበት።

ስፔሰር «ኩሽኔታ ይጨርሳል» የሚለው ስጋት እውነትነት አለው፤ ጎማው ወደ ውጭ በራቀ ቁጥር በኩሽኔታው ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። ነገር ግን ስፔሰር ሳይኖረው በዚያው ልክ ወደ ውጭ የሚወጣ ቸርኬም ጉዳቱ ያው ነው። ደግሞም ኩሽኔታ ሲያልቅ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ይጮኻል። የተበላ ጥርስ ግን ድምፅ የለውም።

ፖርሽ ራሱ ለ911 ሞዴሉ 5 ሚሊሜትር ስፔሰር በአማራጭነት ሸጧል፤ ከረጃጅም ቡሎኖች ጋር። የሚሸጠው ፋብሪካ ቡሎኑን አብሮ ከሰጠ ገዢው ለምን ይቆጥበዋል? ያገኙትን ረጅም ቡሎን መጠቀምም አይሆንም። ከመጠን በላይ የረዘመው ከኋላ ሞዞ አልፎ የእጅ ፍሬኑን ሊነካ ይችላል። የቡሎኑ መቀመጫም ይለያያል፦ የፖርሽ እንደ ኳስ ክብ ነው፣ የቢኤምደብሊው ሾጣጣ። አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ በቀጭን መስመር ብቻ ይነካል፤ ቶርክ ቁልፉ ግን ልኩን ደርሻለሁ ብሎ ቀጭ ይላል።

ለዚያ 330 ልኩ 120 ኒውተን ሜትር ነው፤ በአየር መፍቻ ሳይሆን በቶርክ ቁልፍ፣ ጎማው መሬት ነክቶ። ከ80 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ እንደገና መታየት አለበት። ለዚህ የሚፈጀው አሥር ደቂቃ ነው፤ ብዙዎቹ ደንበኞች ግን ለዚህ ተመልሰው አይመጡም።