ባትሪው ምን አጠፋ?

አዲስ አበባ፣ ካራ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ ለሚሠራ ሰው ሰኞ ጠዋት ሥራ ይበዛል። ሁለት ቀን ቆሞ የዋለ መኪና ቁልፍ ሲዞርበት ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። ባለቤቱ የሰፈር ልጆች ጠርቶ ያስገፋል፤ አለዚያም ከጎረቤት መኪና በኬብል አስነስቶ ወደ እኛ ይመጣል። ገና ከመውረዱ የሚለውን አውቀዋለሁ፦ ባትሪው ሞቷል፣ አዲስ ይግባልኝ።

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ በብርዱ ይሳበባል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ከየካና ከእንጦጦ ተራሮች የሚወርደው የሌሊት ቅዝቃዜ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፤ የሞተሩንም ዘይት ስለሚያወፍር ሞተሪኖው የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። ነገር ግን ጤነኛ ባትሪ የካራን ብርድ ይችላል። ዛሬ በአንድ ቁልፍ የተነሣ መኪና ከሦስት ቀን በኋላ እንቢ ካለ፣ ብርዱ ያደረገው ነገር ቢኖር የተደበቀውን ችግር ማውጣት ብቻ ነው።

ካራ ውኃ በፈረቃ የሚጠብቅ ሰው ሮቶው ሌሊቱን ባዶ ሆኖ ቢያድር ሮቶ አይቀይርም፤ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ይፈልጋል። ባትሪ ላይ ሲደርስ ግን ይኼው ሰው ፍለጋውን ትቶ ገበያ ይወጣል።

በተለይ የቆዩ መኪኖች በዚህ በሽታ ይሠቃያሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ያለው ያለውን ይዞ ይጠግናል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው መኪና በስንት እጅ እንዳለፈ፣ ስንት ሰው ሽቦውን እንደቆረጠና እንደቀጠለ ማንም አያውቅም።

በቅርቡ የመጣልኝ እ.ኤ.አ. የ1990 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ ነበር፤ የፊት መብራቶቹ ሲበሩ ከኮፈኑ ብቅ፣ ሲጠፉ ጥልቅ የሚሉት። ሴሊካ ከስፖርት መኪኖች መካከል በምሥራቅ አፍሪካ ስም ያለው ነው፤ የኬንያውን ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1986 ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸንፏል። የዚህኛው ባለቤት ወጣት ነው፤ መኪናውን በሰንበት ወደ ለገጣፎና ሰንዳፋ ይነዳታል፣ በአዘቦት ቀን ግቢ ውስጥ ያቆማታል። ባትሪ ቀይሮ ነበር፤ አዲሱም ዓመት ሳይሞላው ደከመ።

"ጋሼ፣ ጥሩ ባትሪ ብቻ ይምረጡልኝ" አለኝ።

"ልጄ፣ መጀመሪያ እንለካ" አልኩት።

በቻርጅ ሞልቼ ያሳደርኩት ባትሪ 12.5 ቮልት ያዘ፤ ደህና ነው። ሞተሩ ሲነሣ ቴስተሩ 14.2 አነበበ፤ ዲናሞው ይሞላል ማለት ነው። ቀጥሎ መኪናዋ ተኝታ ሳለ ምን ያህል እንደምትበላ ማየት ነበረብኝ። የሾፌሩን በር ከፍቼ በበሩ ምሰሶ ላይ ያለውን የመብራት ማጥፊያ ተጭኜ በናስትሮ አሰርኩት፤ በሩ የተዘጋ መስሏት የውስጥ መብራቷን እንድታጠፋ ነው። ቁልፉን ነቀልኩ፤ የባትሪውን ኔጋቲቭ ማሰሪያ ፈትቼ ቴስተሩን በ10 አምፒር መሰኪያው በመካከል አስገባሁት። በዚህ ሁኔታ ሞተር ለማስነሳት የሚሞክር የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥላል። ጥቂት ደቂቃ ጠበቅኩ፤ አዳዲስ መኪኖች ላይ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል፣ ኮምፒውተሮቻቸው ቶሎ አይተኙም።

ቁጥሩ 0.57 አምፒር ላይ ቆመ። ለሰዓትና ለሬዲዮ ማስታወሻ የሚበቃው ከ0.05 በታች ነው። 0.57 አምፒር በ24 ሰዓት ሲባዛ ወደ 14 አምፒር-ሰዓት ይሆናል፤ ባለ 45 ባትሪ በሁለት ቀን ከግማሽ በላዩ አለቀ ማለት ነው። እሑድ ማታ የቆመች መኪና ረቡዕ ጠዋት ባትነሣ ምን ይገርማል?

ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። የውስጥ መብራቱ ፊውዝ ሲወጣ ቁጥሩ ወደ 0.17 ወረደ። የጠፋው 0.40 ነው፤ በ12 ቮልት ሲባዛ 5 ዋት ይጠጋል። 5 ዋት ደግሞ የአንዲት ትንሽ አምፖል ልክ ነው። የውስጥ መብራቷ ጠፍቶ ስለነበር የኋላውን መብራት ጠረጠርኩ፤ ፊውዙን መለስኩና ስልኬን ቪዲዮ እየቀረጸ በኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ አስቀምጬ ክዳኑን ዘጋሁ። ቪዲዮውን ስናየው ክዳኑ ተዘግቶም መብራቱ አልጠፋም። ክዳኑ አንድ ጊዜ ተጋጭቶ ተቀጥቅጧል፤ ከዚያ ወዲህ ማጥፊያውን አይነካውም ነበር፤ አስተካከልኩት።

ብዙ ባለሙያ እዚህ ላይ ደስ ብሎት ሒሳብ ይቀበላል። የቀረው 0.17 ግን ከሚፈቀደው ሦስት እጥፍ ነው፤ የትኛውም ፊውዝ ቢነቀል ደግሞ አይንቀሳቀስም። ያኔ የሚጠረጠረው በፊውዝ ሳጥኑ የማያልፍ ነገር ነው። አንዱ ዲናሞው ነው። በውስጡ ያሉት ዳዮዶች ኃይል ወደ ባትሪው ብቻ እንዲሄድ ያደርጋሉ፤ አንዱ ሲበላሽ ግን ሌሊቱን ወደ ኋላ ያፈሳል፣ ቀን ላይ ደግሞ የሚሞላ ይመስላል። ባትሪውን አላቅቄ የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ ፈታሁና ጫፉን በናስትሮ ሸፍኜ እንደገና ለካሁ። ለውጥ የለም፤ ዲናሞው ነጻ ወጣ።

የቀረኝ እጄ ነበር። በዳሽቦርዱ ሥር ሰድጄ ሬሌዎቹን በጣቴ ዳሰስኩ። ቆሞ ባደረ መኪና ሬሌ ሁሉ እንደ አካባቢው አየር ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ከመሪው ዘንግ ጀርባ በናስትሮ የተጠቀለለ አንዱን ግን ሞቅ ብሎ አገኘሁት። ሽቦውን ስከተለው አንድ ጥቁር ሳጥን ላይ አደረሰኝ፤ የስፖኪዮ ሌባ ያስመረረው የቀድሞ ባለቤት ያስገባው አላርም ነው። ጩኸቱ ሰፈር ሲያውክ ጡሩምባውን ቆርጠው ጥለዋል፣ ሳጥኑንና ሬሌውን ግን በቀጥታ ከባትሪ ሽቦ ጋር እንደተቋጠሩ ትተዋቸዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አላርሙን አውጥቼ በእሱ በኩል እንዲያልፍ ተቆርጦ የነበረውን የሞተሪኖ ሽቦ ወደ ቀድሞው መለስኩ፤ ቴስተሩ 0.02 አነበበ። በዚህ ልክ መኪናዋ አንድ ወር ብትቆም የምታጣው 14 አምፒር-ሰዓት ገደማ ነው፤ ቀድሞ በአንድ ቀን የምትጨርሰውን መሆኑ ነው።

ማታ ማታ ኔጋቲቩን ፈትተው የሚያድሩ ብዙ ደንበኞች አሉኝ። ለአንድ ሳምንት መላ ይሆናል፣ ለዓመት ግን አደጋ አለው። የሚበላው ነገር ቀን ቀን ይሠራል፤ የተላጠ ሽቦ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን እሳት ያስነሳል። ባዶ ሆኖ የሚከርም ባትሪም በውስጡ ያለው ሰልፌት ስለሚጠጥር መልሶ በደንብ አይሞላም፤ አዲስ ባትሪ የሚገዛ ሰው መንስኤውን ካላገኘ ሁለተኛውንም እዚያው ይቀብራል።

ይህ ጣጣ በኤሌክትሪክ መኪና ይቀራል የሚል ካለ ተሳስቷል። እነሱም ከትልቁ ባትሪ ሌላ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አላቸው፤ እሱ ሲሞት ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሣም።

ለዕቃ የሚከፍል ደንበኛ ሞልቷል፤ ለፍለጋ መክፈል ግን ብዙ ሰው ይከብደዋል። የፍለጋው ዋጋ ከባትሪው ዋጋ ያንሳል። ስለዚህ ባትሪዎ ሲደክም ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሦስት ቁጥር ይጠይቁ፦ ባትሪው ሞልቶ ካደረ በኋላ ስንት ቮልት ያዘ? ሞተሩ ሲነሣ ዲናሞው ስንት ይሰጣል? መኪናው ተኝቶ ስንት አምፒር ይበላል? እነዚህን ሳይለካ "ባትሪ ቀይር" የሚልዎት ካለ፣ ባትሪውን ትተው ባለሙያውን ይቀይሩ።