ወደ ወንጪ ደሴት ለምትጓዙ

«ወንጪ ደሴት በምን ይደረሳል? ደርሶ ለመመለስስ አንድ ቀን ይበቃል ወይ?» የሚል ጥያቄ ከጉባኤዎችና ከፕሮጀክት ሠራተኞች እየደጋገመ ይደርሰናል። በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ስንመላለስ ያየነውንና የተማርነውን በአጭሩ እንገልጽላችኋለን።

ወንጪ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ተራራ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,380 ሜትር ያህል ይሆናል። በጎድጓዳው ውስጥ ሐይቅ አለ፤ በሐይቁም መካከል የቅዱስ ቂርቆስ ገዳም ያለበት ደሴት ይገኛል። ወረዳው በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ሥር ሆኖ በወሊሶ በኩልም ይገባበታል፤ እኛ ግን የምናውቀውን የአምቦ መንገድ እንናገራለን።

ጉዞው አራት ክፍል አለው። የመጀመሪያው በአውቶቡስ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አምቦ ይደርሳል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ መናኸሪያ መገኘት ይበጃል። አውቶቡሱ እስኪሞላ ስለሚጠብቅ፣ አርፍዶ የመጣ ሰው የሚከስረው በመናኸሪያው ሳይሆን ማታ በሐይቁ ዳር ነው።

ሁለተኛው ክፍል ከአምቦ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚወጣው ዳገት ነው። አምቦ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ስትሆን የወንጪ አፋፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በየሺህ ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በአምቦ ፀሐይ ኮቱን ትቶ የመጣ ሰው አፋፉ ላይ ይንቀጠቀጣል። አየሩም ስለሚሳሳ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሦስተኛው ከአፋፉ ወደ ውኃው ዳር መውረድ ነው። ዱሮ በእግር ወይም በፈረስ ይወረድ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ለ«ገበታ ለሀገር» ልማት ከተመረጠ ወዲህ ብዙ ሥራ ተሠርቷል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል ቆጥሮታል። ቢሆንም ፈረስ የሚያከራዩትን ያገር ልጆች አትለፏቸው፤ ከእንሰቱና ከገብሱ ጎን ቤተሰባቸውን የሚደግፉበት እንጀራ ነው።

አራተኛው የጀልባው መንገድ ነው። አጭር ነው፤ ልባችንን የከበደው ግን ይኸው ነው።

አንድ ጊዜ የድንች ዘር ይዘን ዘግይተን ደረስን። ከቀኑ 10 ሰዓት አልፏል። ቀዛፊው፣ «ስድስት ሰው ብቻ፤ ዕቃው በሁለተኛው ዙር» አለን። ከእኛ አንዱ ግን መሽቶብናል ብሎ ገንዘብ ጨመረለት። ዘጠኝ ሆነን ከነከረጢቱ ገባን። ከዳር ብዙ ሳንርቅ ነፋስ ተነሣ። አንድ ወንድም ከረጢቱን ሊያቃና ብድግ ሲል ጀልባው ዘመመ፤ ውኃው በጠርዙ ላይ ዘለቀ። ቀዛፊው በኦሮምኛ «ተቀመጡ!» ብሎ ጮኸብንና ጀልባውን ቀስ አድርጎ ወደ ዳር መለሰው። ሰው አልተጎዳም። እኛ ግን የሰውየውን ዕውቀት በገንዘባችን ልንሽር በመሞከራችን እጅግ አፈርን። ያን ማታ ሳንሻገር ተመለስን።

ነገሩ ግልጽ ነው። ጀልባ በተጫነ ቁጥር ጠርዙ ወደ ውኃው ይቀርባል፤ ያን ጊዜ ትንሽ ማዕበልም ይበቃዋል። ተሳፋሪ ሲቆም ደግሞ ክብደቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ጀልባው በቀላሉ ይገለበጣል። የደጋ ሐይቅ ውኃ ብርድም ትንፋሽን ስለሚያቋርጥ ዋና የሚችለው እንኳ ይደነግጣል። ስለዚህ ተንሳፋፊ ሰደርያ ሳትለብሱ አትሳፈሩ፤ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ነፋስ ሳይበረታ በጠዋት ተሻገሩ። ቀዛፊው «በቃ» ካለ በቃ ነው።

ይህ ለፕሮጀክት ሠራተኞች ሌላ ትምህርት አለው። በአዲስ አበባ የተጫነ አንድ ኩንታል እህል ከአውቶቡስ ወደ ትንሽ መኪና፣ ከመኪና ወደ ፈረስ፣ ከፈረስ ወደ ጀልባ፣ ከጀልባ ወደ ሰው ትከሻ ይዛወራል። መቶ ኪሎውን አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ ከመነሻው በትንንሽ ከረጢት ከፋፍሉት፤ ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልሉት፤ የፈረሱንና የጀልባውን ኪራይ በበጀታችሁ ውስጥ አስገቡ። ይህን የዘነጋ ዕቅድ በወረቀት ላይ ያማረ ሆኖ በሐይቁ ዳር ይቆማል።

በደሴቱ እንግዶች መሆናችሁን አስቡ። ገዳሙ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን የጸሎት ስፍራ ነው። አባቶችን አስፈቅዳችሁ ግቡ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ስትገቡ ጫማ አውልቁ፤ ያለ ፈቃድ ፎቶግራፍ አታንሡ። የአገሬው ሰው ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነ «አካም ጅርቱ» ብላችሁ ሰላምታ ብትጀምሩ ፊቱ ይፈታል።

አንድ ቀን ይበቃል ወይ ለሚለው፦ በማለዳ ተነሥቶ ለሚጎበኝ ሰው ሊበቃ ይችላል፤ ሥራ ይዞ ለሚሄድ ግን አይበቃም። አምቦ አድራችሁ በማግሥቱ ማለዳ ተነሡ።

በመጨረሻም ይህን አንርሳ። ለእኛ የአንድ ቀን ጉዞ የሆነው ውኃ ለደሴቱ ነዋሪ የዕለት ደጁ ነው። ሕመምተኛውም ምጥ የያዛትም እናት ጀልባውን ሳይሳፈሩ ወደ ሐኪም መድረስ አይችሉም። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ «ምን እንላክ?» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት ይሻገራሉ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከእኛ ስሕተት ተምራችኋል ማለት ነው።