ሰደፍና እርፍ

ደብረ ማርቆስ ዙሪያ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬን እጅ ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። አንደኛው እጅ ጅራፍ ይዟል፤ እርፉን የጨበጠው ሌላኛው ብቻ ነው። ማረሻው ከድንጋይ ወይም ከዛፍ ሥር ጋር ሲጋጭ ሞፈሩ ይነጥራል፤ እርፉም መዳፉን ይመታል። እርፉ ከቀጠነ ምቱ ጠባብ ቦታ ላይ አርፎ እጅ ያቆስላል። ከወፈረ ደግሞ ጣት አይዞርበትም፤ ከእጅ ያመልጣል። ጥሩ እርፍ ለጨባጩ መዳፍ ልክ የሆነ ነው።

የጠመንጃም ነገር ከዚህ አይርቅም። በአገራችን ስለ ጠመንጃ ሲወራ የአፈሙዙ ርዝመት፣ የጥይቱ ብርታት፣ የተኳሹ ዓይን ይነሳል። ጠመንጃውን ከተኳሹ ጋር የሚያስማማው ግን ብዙ ጊዜ ስሙ የማይጠራው እንጨት፣ ሰደፉ ነው። ይህ ጽሑፍ እሱንና ታናሽ ወንድሙን፣ የሽጉጥ እጀታን፣ ያስተዋውቃል።

ከውጅግራ እንጀምር። ስሙ ፈረንሳዮች በፈጣሪው በመኮንኑ ባዚል ግራ ስም “ፉዚ ግራ” ከሚሉት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 ፈረንሳይ ለጦሯ ያስታጠቀችው፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳይ ለበን ወደተባለው አዲስ ጠመንጃ ስትዞር አሮጌው ግራ በብዛት ለገበያ ወጣና ወደ አገራችን ገባ። በ1888 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው በተሰለፉበት በዓድዋ ጦርነት፣ በኢትዮጵያውያን እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ ይኸው ውጅግራ ነው።

ውጅግራ ይራገጣል። የጥይቱ አረር 11 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 25 ግራም ገደማ ክብደት ያለው እርሳስ ነው። ከኋላው ከ5 ግራም በላይ ጥቁር ባሩድ ይነድና አረሩን በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ያስወነጭፈዋል። አረሩ ወደ ፊት የተገፋውን ያህል ጠመንጃው ወደ ኋላ ይገፋል፤ ኒውተን የደነገገውን ይህን ሕግ የሚሽር መሣሪያ እስካሁን አልተሠራም። ውጅግራ 4 ኪሎ ስለሚያልፍ ወደ ኋላ የሚመጣው በሰከንድ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ፍጥነት ነው። ጠመንጃው ግማሹን ብቻ ቢመዝን ኖሮ ፍጥነቱም ጉልበቱም እጥፍ በሆነ ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው የርግጫ መግሪያ ክብደት ነው።

ሁለተኛው ስፋት ነው። የሰደፉ ጫፍ ሰፊ ነው፤ ትከሻ ላይ በሙሉ ፊቱ ሲያርፍ ምቱ ይከፋፈላል። ዳሩ ብቻ ነክቶ ቀሪው ከትከሻ ከወጣ ግን ያው ኃይል በጠባብ ቦታ ይሰበሰብና ሥጋ ያበልዛል። ክፍተት ትቶ የሚተኩስ ሰውም ይጎዳል፤ ጠመንጃው በዚያች ክፍተት ፍጥነቱን ይዞ መጥቶ ይደልቀዋልና። አጥብቆ ያስጠጋ ሰው ግን ክብደቱን በጠመንጃው ክብደት ላይ ስለሚጨምር የሚሰማው ምት ሳይሆን ግፊት ነው።

ሦስተኛው ቅርጽ ነው። ሰደፉ ከአፈሙዙ መስመር በጣም ካዘቀዘቀ አፈሙዙ ወደ ላይ ይፈናጠራል፤ ከመስመሩ ጋር ከተቃረበ ግፊቱ ቀጥ ብሎ ወደ ትከሻ ይመጣል።

ይህ ሁሉ ጫና የሚያልፈው በአንዲት ቀጭን ቦታ ነው፤ ሰደፉ ጠቦ እጅ በሚጨብጠው አንገቱ ላይ። እንጨቱ የሚሰነጠቀውም ብዙውን ጊዜ እዚያው ነው። በአገራችን የቆዩ ጠመንጃዎችን ያየ ሰው አንገታቸው ላይ የተጠመጠመ ጥሬ ቆዳ ያገኛል። ቆዳው በእርጥብነቱ ተወጥሮ ይሰፋል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና የተሰነጠቀውን እንጨት አንቆ ይይዛል። አልጋ የሚወጥርልን ጠፍር የሚሠራው በዚሁ ጥበብ ነው። በጣት ሲዳስሱት ደረቅና ሻካራ ነው፤ የስፌቱ መስመር እንደ ጠባሳ ያበጠ ነው። ላብ ያለውን እጅ አያንሸራትትም። ለጥገና የተደረገው ጠፍር፣ ሳይታሰብ ጥሩ መጨበጫም ሆኗል።

ጎጃም ከዚህም የከፋ ርግጫ አይታለች። በ1933 ዓ.ም. በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የሚመራው የጌድዮን ጦር ከአርበኞች ጋር ሆኖ ጣሊያንን እየወጋ ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲገፋ ቦይስ የተባለ የብረት ለበስ መምቻ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ቦይስ 16 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አረሩ 13.9 ሚሊ ሜትር ነው። ሠሪዎቹ ክብደቱ ብቻ እንደማይበቃ ስላወቁ አፈሙዙን በኋላው ካለ ማብረጃ ጋር በቀፎው ላይ ወደ ኋላ እንዲንሸራተት አደረጉት፤ ሰደፉንም በጎማ ለበዱት። ያም ሆኖ የተኳሾቹን ትከሻ ማበለዙ አልቀረም።

አሁን ወደ ሽጉጥ እንምጣ። ሽጉጥ ትከሻ ላይ አያርፍም፤ ሁሉንም የሚችለው እጅ ነው። በአሜሪካ አጋዘንና ከርከሮ በሽጉጥ የማደን ልማድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1955 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው ፋብሪካ የሠራው የ44 ማግነም ሽጉጥ ለዚህ ስም አትርፏል። 15 ግራም ተኩል ገደማ የሚመዝን አረር በሰከንድ ከ400 ሜትር በላይ ይወረውራል፤ መሣሪያው ግን የሚመዝነው ከአንድ ኪሎ ተኩል በታች ነው። ሒሳቡ ሲሠራ ወደ ኋላ የሚመጣበት ፍጥነት የውጅግራን እጥፍ ይጠጋል፤ ማረፊያውም በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለችው ስስ ሥጋ ነች። እ.ኤ.አ. በ2003 የመጣው 500 ማግነም ደግሞ ከዚህ በእጅጉ ይበረታል።

ስለዚህ የዚህ ዓይነት ሽጉጥ ባለቤቶች ከፋብሪካ የመጣውን እጀታ አውልቀው ሌላ ይገጥማሉ። ሲመርጡ በመጀመሪያ የሚያዩት ከኋላ ያለው ብረት መሸፈኑን ነው፤ ራቁቱን የቀረ ብረት መዳፍ ይደበድባል። ቀጥሎ ከምላጩ ጠባቂ ቀለበት ኋላ ያለው ክፍተት ነው፤ ካልተሞላ ቀለበቱ የመሃል ጣት አንጓን ይመታል። ሦስተኛው ውፍረት ነው፤ ትልቅ እጅ ቀጭን እጀታ ሲይዝ ምቱ ይሰበሰባል፤ ትንሽ እጅ ወፍራም ሲይዝ ጣት ምላጩ ጋ አይደርስም። በጎማና በእንጨት መካከልም ምርጫ አለ። ጎማ ምቱን ይውጣል፤ ከእጅ ጋርም ተጣብቆ ይቆያል። የለሰለሰ እንጨት ግን ሽጉጡ በመዳፍ ውስጥ ተንከባሎ ወደ ላይ እንዲነሳ ይፈቅዳል፤ ኃይሉም በመንከባለሉ ይባክናል።

የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 ኮልት የሠራው ሽጉጥ እጀታ እንዲህ የሚንከባለል ነው፤ አሜሪካውያንም ይህን ቅርጽ የሚጠሩት “የማረሻ እጀታ” ብለው ነው። እርፍ ማለታቸው ነው። ውቅያኖስ ማዶ ያለ ባለሙያም፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ያለ ገበሬም የሚራገጥ ነገር የሚያዝበትን ቅርጽ በአንድ ስም ተገናኝተውበታል። ኃይለኛ ነገርን የሚገራው የክንድ ጉልበት ሳይሆን ልክ የሆነ መጨበጫ ነው።

በእኛ አገር የጦር መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚተዳደር ነው፤ ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው። በሕጋዊ መንገድ ከአያት የተወረሰ ውጅግራ በቤታችሁ ካለ ግን አንድ አደራ አለኝ። እናሳምረው ብላችሁ ሰደፉን አትላጉት፤ አንገቱ ላይ ያለውን ጠፍርም አትቁረጡት። ብረቱን የሠሩት ፈረንሳዮች ናቸው፤ ያ ስፌት ግን የእኛ ሰው እጅ ሥራ ነው።