ክቡራን ጥንብ አንሳዎች

ቤን ጆንሰን በ1606 መጀመሪያ አካባቢ በለንደኑ ግሎብ ቲያትር ለመድረክ ያበቃው «ቮልፖኔ» የተሰኘው ኮሜዲ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ሲያነቡት ቀላል፣ ሲያዘጋጁት ግን አስቸጋሪ ከሆኑ ተውኔቶች አንዱ ነው። የችግሩ ምንጭ ደራሲው ለገጸ ባሕርያቱ ያወጣላቸው የጣሊያንኛ ስም ሲሆን፣ ባለጸጋው ቮልፖኔ ቀበሮ፣ አገልጋዩ ሞስካ ዝንብ፣ ጠበቃው ቮልቶሬ ጥንብ አንሳ፣ ሽማግሌው ኮርባቺዮና ነጋዴው ኮርቪኖ ደግሞ ሁለቱም የቁራ ዘሮች ናቸው። ይህን የተረዱ ተዋናዮች በመጀመሪያዎቹ የልምምድ ቀናት አንገት ማስገግ፣ ክንድን እንደ ክንፍ ማርገብገብና ድምፅ ማሻከር ይጀምራሉ፤ የአልባሳት ባለሙያውም ስለ ላባና ስለ ምንቃር ማሰብ ይጀምራል። እንዲህ ያለው አሠራር ገና ሲታይ ያስቃል፤ የመጀመሪያው ገቢር ሳያልቅ ግን ተመልካቹ ማን ምን እንደሆነ አውቆ ስለሚጨርስ የቀረውን ጊዜ የሚያሳልፈው የሚያውቀው ነገር ሲደጋገም በማየት ይሆናል። ስሙ ደራሲው በሰውየው ላይ አስቀድሞ ያሳለፈው ፍርድ ነው፤ ተዋናዩ ግን የሚጫወተው ፍርዱ ገና ያልደረሰውን፣ በከተማው የተከበረውን ሰው ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በቬኒስ ነው። ሚስትም ልጅም ዘመድም የሌለው ቮልፖኔ ሊሞት የተቃረበ መስሎ ይተኛል፤ ሀብቱን እንወርሳለን የሚሉ ሦስት ሰዎችም እርሱን ደስ ለማሰኘትና በኑዛዜው ለመግባት ወርቅ፣ ዕንቁና የብር ዕቃ ያመላልሳሉ። እያንዳንዱን «ወራሹ አንተ ብቻ ነህ» እያለ ተስፋ የሚመግበው ሞስካ ሲሆን፣ የእርሱ ዓይነቱ ገጸ ባሕርይ ከጥንቱ የሮማ ኮሜዲ የተወረሰው ጥገኛ፣ ማለትም በሽንገላ የሰው ማዕድ ላይ የሚያድር አድርባይ ነው። የውርስ አሳዳጆች ጉዳይም ራሱ የሮማ ስላቅ ጸሐፊዎች በብዛት የተሳለቁበት ርእስ ነበር።

የሞተ መስሎ ተኝቶ ጥንብ ሊበሉ የመጡትን ወፎች የሚይዘው ቀበሮ ግን ከሮማ ጸሐፊዎች ይልቅ ከእንስሳት ምሳሌ መጻሕፍት የመጣ ነው። የእነዚህ መጻሕፍት አባት የሆነው የግሪኩ ድርሰት በጥንት ዘመን ወደ ግእዝ ተመልሶ «ፊሳልጎስ» በሚል ስም ስለሚታወቅ፣ የጆንሰን ተውኔት መነሻ ሐሳብ ለግእዝ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የቀረበው የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት፣ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ፣ እንዲሁ በእንስሳት ስም ሰውን የሚናገር ነበር። ልዩነቱ የተክለ ሐዋርያት አውሬዎች እንደ ሰው ሲናገሩ የጆንሰን ሰዎች ግን አውሬነታቸውን ከጨዋ ልብስ በታች ይዘው መምጣታቸው ነው፤ ለአዘጋጁም ሥራውን የሚያከብደው ይህ ልብስ ነው።

ሦስቱ አሳዳጆች በቬኒስ ምን ቦታ እንዳላቸው ማየት ይገባል። አንዱ በፍርድ ቤት አንደበቱ የተመሰገነ የሕግ ሰው፣ ሌላው የአዋቂ ልጅ አባት የሆነ ባለ ርስት ሽማግሌ፣ ሦስተኛው መልካም ስሙን እንደ ካፒታል የሚቆጥር ነጋዴ ሲሆን፣ ሦስቱም ቢጠየቁ ራሳቸውን ስግብግብ አይሉም። ኮርባቺዮ ጆሮው የደነቆረ፣ ዓይኑ የፈዘዘ፣ ከታማሚውም ይልቅ ለመቃብር የቀረበ ሆኖ ሳለ የቮልፖኔ ሕመም ምልክት በተነገረው ቁጥር ጤና ያገኘ ይመስለዋል። ሞስካ ልጁን ነቅሎ ቮልፖኔን ወራሽ እንዲያደርግ፣ በኋላም ሁሉም ተባዝቶ ለልጁ እንደሚመለስ ሲመክረው ሽማግሌው «ይህንማ እኔም አስቤው ነበር» የሚል መልስ ይሰጣል። ይህች አጭር መልስ ለተዋናዩ ከማንኛውም የቁራ ድምፅ ትበልጥበታለች፤ ምክንያቱም ሽማግሌው እየተታለለ ሳለ የሚሰማው የብልህ አባት ኩራት ነውና፣ ተዋናዩ ያንን ኩራት ከልቡ ካልያዘው ትዕይንቱ የአንድ ጅል መጃጃል ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከሦስቱ ይበልጥ የሚያስደነግጠው ኮርቪኖ ነው። ሚስቱ ቼሊያ በመስኮት ሥር የመድኃኒት ሻጭ መስሎ ለቆመው ለቮልፖኔ መሐረብ ስለጣለችለት ብቻ መስኮቱን ሊደፍን፣ ከመስኮቱ ርቃ እንድትቆምም በጠመኔ መስመር ሊያሰምር ይዝታል። ከዚህ ንዴት ሳይበርድ ሞስካ መጥቶ ታማሚው ከአንዲት ወጣት ሴት ጋር ቢተኛ እንደሚሻለው ሐኪሞች መወሰናቸውን፣ ከሐኪሞቹም አንዱ የገዛ ልጁን ለማቅረብ መዘጋጀቱን ሲነግረው፣ ነጋዴው ጥቂት ብቻ አመንትቶ ያችኑ ሚስቱን ራሱ ይዞ ይሄዳል። ብዙ ተዋናዮች በዚህ ቦታ ቅናቱን አጥፍተው ስግብግብነትን ያበራሉ፤ ይህም ገጸ ባሕርዩን ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ጽሑፉ በጥንቃቄ ሲታይ ኮርቪኖ የሚወስነው ሌላ ሰው ሊቀድመው መሆኑን በሰማ ቅጽበት ነው። ስለዚህ ቅናቱ አልጠፋም፤ ከሚስቱ ወደ ውርሱ ብቻ ተዛውሯል። ይህን የተገነዘበ ተዋናይ በመስኮቱ ትዕይንት የተጠቀመበትን ያንኑ ድምፅና ያንኑ የሰውነት ውጥረት ይዞ መቀጠል ይችላል።

ይህ ዓይነቱ የገጸ ባሕርይ አሠራር ከጆንሰን የቀደመ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። በ1598 ዊልያም ሼክስፒር ራሱ ከተዋንያኑ አንዱ ሆኖ በቀረበው «እያንዳንዱ ሰው በየጠባዩ» በተሰኘው ኮሜዲ ጆንሰን የዘመኑን የሕክምና ትምህርት ወደ መድረክ አምጥቶ ነበር። ትምህርቱ በሰው አካል ውስጥ ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት የሚባሉ አራት ፈሳሾች እንዳሉ፣ አንዱ ከሌሎቹ ሲበዛም የሰውየው ጠባይ ወደዚያው እንደሚያጋድል የሚያስረዳ ነው። በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ሐምሌትንና ኦቴሎን የለመደ የአማርኛ ተመልካች ከራሱ ጋር የሚሟገት፣ በመንገድ ላይ የሚለወጥ ሰው ይጠብቃል፤ የጆንሰን ሰዎች ግን አይለወጡም፤ የያዛቸው ፍላጎት ብቻ እየጠነከረ ይሄዳል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ ተቺዎች አሉ። ይሁን እንጂ በ1616 በታተመው የጆንሰን ሥራዎች ስብስብ ውስጥ ለ«ቮልፖኔ» ከተመዘገቡት ዋና ተዋንያን አንዱ ሐምሌትንና ኦቴሎን የተጫወተው ሪቻርድ በርቤጅ ስለሆነ፣ ሁለቱ የአጻጻፍ መንገዶች በአንድ ቡድን መድረክ ላይ ጎን ለጎን ይኖሩ እንደነበር መረዳት ይቻላል።

የዘመኑ የልምምድ ሥርዓት ለዚህ ተውኔት የተለየ ብርሃን ይሰጣል። በዚያን ጊዜ ለእያንዳንዱ ተዋናይ ሙሉው ተውኔት አይሰጠውም ነበር፤ የሚሰጠው የራሱ ቃለ ተውኔትና ከእርሱ በፊት የሚናገረው ሰው የሚጨርስባቸው ጥቂት ቃላት ብቻ የተጻፉበት ጥቅል ወረቀት ነበር። ታዋቂው ተዋናይ ኤድዋርድ አሌን «ኦርላንዶ ፉሪዮዞ» በተባለው ተውኔት ለነበረው ሚና የተዘጋጀው ጥቅል እስከ ዛሬ በለንደን ደልዊች ኮሌጅ ይገኛል። ሙሉው ጽሑፍ ያለው በቡድኑ የመጽሐፍ ጠባቂ እጅ ብቻ ነው። በ«ቮልፖኔ» ውስጥ የሦስቱ አሳዳጆች ሁኔታ በትክክል ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ የሚያውቀው የራሱን ተስፋ ብቻ ሲሆን ሁሉንም አንድ ላይ የያዘው ሞስካ ነው። በአራተኛው ገቢር ሦስቱ በፍርድ ቤት ጎን ለጎን ቆመው አንዱን ውሸት ሲመሰክሩ እንኳ እያንዳንዱ ሌሎቹ ለእርሱ ጥቅም የሚደክሙ ይመስለዋል። ስለዚህ አዘጋጁ ሦስቱን ተዋናዮች ለየብቻ ከሞስካ ጋር ቢያለማምዳቸው፣ የጋራ ልምምዱንም እስከዚያ ትዕይንት ድረስ ቢያዘገየው ከረጅም ማብራሪያ የበለጠ ይጠቅመዋል። ለሞስካ ተዋናይ ደግሞ የሚያስፈልገው ተንኮለኛ መስሎ መታየት አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ሰው ፍጹም ታማኝ መስሎ መቆም መቻል ነው፤ ምክንያቱም ተንኮሉ ፊቱ ላይ ከተነበበ የተታለሉት ሰዎች ክብራቸውን አጥተው ሞኞች ይሆናሉ።

ቮልፖኔ ራሱ ከገንዘቡ ይልቅ ገንዘቡ የሚገኝበትን ጨዋታ እንደሚወድ ከጅምሩ ይናገራል። በሌላ አነጋገር ተዋናይ ነው፤ ተመልካች እርሱን የሚወድበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በአምስተኛው ገቢር መጀመሪያ ላይ ግን ወደ ፍርድ ቤት በቃሬዛ ተወስዶ ከተመለሰ በኋላ፣ በችሎቱ እግሩን ቁርጥማት ይዞት እንደነበር ተናግሮ፣ ያስመሰለው በሽታ እውነት እንዳይሆንበት ፈርቶ ወይን ይጠጣል። በልምምድ ጊዜ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ በችኮላ ይታለፋል፤ ከዚህ በኋላ የሚሠራው ስሕተት ሁሉ፣ ሞቷል ተብሎ እንዲወራ ማድረጉና ሞስካን ወራሽ አድርጎ መሰየሙ ጭምር፣ ያንን ፍርሃት በአዲስ ጨዋታ ለማባረር ከመሞከሩ የሚመነጭ መሆኑ ግን ግልጽ ነው።

ንጹሖቹ ቼሊያና የኮርባቺዮ ልጅ ቦናሪዮ በጥቂት ቃላት የተሳሉ ናቸው፤ ደራሲው ለእነርሱ የሰጠው ቋንቋ ከሌቦቹ ቋንቋ ጋር ሲነጻጸር ደረቅ መሆኑ አይካድም። ቼሊያን በዚያ ዘመን የተጫወታት፣ እንደ ሥርዓቱ፣ ወንድ ልጅ ነበር። የዛሬ ተዋናይት ድርሻዋን እንባ በማብዛት ለመሙላት ስትሞክር ገጸ ባሕርይዋ ይበልጥ ትደክማለች፤ ባሏ ወደ ታማሚው አልጋ ሲገፋት በጥያቄና በእምቢታ የምትመልስለትን አጫጭር መልስ በጽናት ብትናገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ማስመሰል የማያውቅ ብቸኛ ሰው ሆና ትታያለች። ስለ እንግሊዛዊው መንገደኛ ስለ ሰር ፖሊቲክ ዉድቢ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ በኤሊ ድንጋይ ውስጥ የሚደበቅበት ትዕይንት ቢያስቅም ጊዜ ያጠረው አዘጋጅ ታሪኩን ያወጣዋል፤ ኦስትሪያዊው ደራሲ ሽቴፋን ትስቫይግም በ1926 ባቀረበው ቅጂ አውጥቶታል። ትስቫይግ ከዚህም አልፎ ሀብቱን በሞስካ እጅ አስቀርቶ ተውኔቱን በደስታ ጨርሶታል፤ ተመልካች ይህን ቢወድም የጆንሰን ፍርድ ግን ይቀርበታል።

ያ ፍርድ ከባድ ነው። የቮልፖኔ ሀብት ለማይድኑ ሕሙማን ሆስፒታል ተሰጥቶ እርሱ ያስመሰለው በሽታ እውነት እስኪሆን በእግር ብረት ይታሰራል፤ ቮልቶሬ ከጥብቅናው ተሽሮ ይሰደዳል፤ ኮርባቺዮ ርስቱን ለልጁ አስረክቦ ገዳም ይገባል፤ ኮርቪኖ የአህያ ጆሮ ተደርጎለት በከተማው ቦዮች በጀልባ ይዞራል፤ ሚስቱም ጥሎሿ በሦስት እጥፍ ተጨምሮ ወደ አባቷ ትመለሳለች። ሞስካ ግን ተገርፎ ዕድሜ ልኩን በመርከብ ቀዛፊነት እንዲኖር ይፈረድበታል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ የዘር ሐረግ ሳይኖረው የጨዋ ልብስ መልበሱ ነው። ጌታው በመወለዱ ከግርፋት ሲድን አሽከሩ ይገረፋል። ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ ደግሞ ከአራቱ ዳኞች አንዱ ሞስካ ወራሽ መሆኑን ሲሰማ ለልጄ ጥሩ ባል ይሆናል ብሎ በልቡ አስቦ ነበር። በልምምድ ወቅት ይህን ዳኛ ለአዲስ ተዋናይ ሰጥቶ ማለፍ የተለመደ ነው፤ ሆኖም አራተኛው አሳዳጅ በችሎት ወንበር ላይ መቀመጡን የሚያስታውቀው ይህ ሐሳብ ስለሆነ ሚናው ልምድ ላለው ሰው ቢሰጥ ይመረጣል። ከፍርዱ በኋላ ቮልፖኔ ወደ ፊት ወጥቶ ሕግ ቢቀጣውም ተመልካቹን ግን እንዳልበደለ ተናግሮ ጭብጨባ ይጠይቃል፤ ለዚህም የእግር ብረቱ ሳይፈታ ቢወጣ ይሻላል፤ አለዚያ አጨብጫቢው ለገጸ ባሕርዩ የሚያጨበጭብ ሳይመስለው፣ የተዋናዩን ችሎታ ብቻ ያመሰገነ መስሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል።